በመኪና ሆድ ውስጥ ስላለችው መኪናና ስለ ቁንዝላው ጀልባ

ለጽሕፈት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ፣ ለሂስ ዓምድ

ባሕር ዳር፣ ዓርብ ሐምሌ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.
(በትንሿ መኪና አቆጣጠር ቅዳሜ ሐምሌ 2 ቀን 1980 ዓ.ም.)

ለተከበሩ ጓድ አስማማው፣
የሐይቅ ማዶ መንገደኞችና ጭነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ጓድ ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ባለፈው ሰሞን ሲያስቸግርዎት የነበረው ወገብዎ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኔ፣ በጽሕፈት ቤትዎ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆንሁት የብርጓል አዘዘ፣ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ሐይቁም ደህና ነው፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ እኛ ከሥራ ስንወጣ ጠብቆ ይወርዳል። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት ነኝና አጻጻፌ እዚህም እዚያም ቢያነክስብዎት፣ በየሰኞው ስብሰባ ሂስ መድኃኒት ነው፣ አትፍሩ፣ ጻፉ እያሉ የሚያበረታቱን እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለዋለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ግድግዳ የሚያነቡት የቢሮ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ጀልባ ፈልገው ከበር ላይ የሚቆሙ መንገደኞችም ናቸውና፣ ነገሩ እንዲገባቸው ከመጀመሪያው ብነሣ አይቀየሙኝም መቼም።

አምና ለጽሕፈት ቤታችን ኮምፒዩተር የሚባል መኪና ታዟል ተባልን። ቆይቶ አሰብ ወደብ ደርሷል ተባለ፤ ቆይቶ ሳጥኑ ጠፋ ተባለ፤ ቆይቶ ደግሞ ሳጥኑ ተገኝቶ ሲከፈት ውስጡ የሌላ መሥሪያ ቤት የውሃ ፓምፕ ሆኖ ተገኘ ተባለ። እርስዎ ግን መኪና አልመጣም ብለው እጅዎን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ቡልጋሪያ ተምሮ የተመለሰውን ጓድ አገኘሁን አስመጡልንና፣ መኪናው እስኪመጣ ድረስ መኪናውን እኛው እንድንሆነው አደረጉ። ለዚህ ብልሃትዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ የመኪና አካል እሆናለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአዳራሹ ጥግ ስልሳ መሳቢያ ያለው የድሮ ቁም ሣጥን አለ፤ እሱ የመኪናዋ ማስታወሻ ነው፣ የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ። ከእኔ ፖስታ እየተቀበለች ወደ ጠረጴዛው የምታመላልሰው ሸምሲያ ናት፤ እሷ ሽቦው ናት። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው የሚደምሩትና የሚቀንሱት ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ እሳቸው አእምሮው ናቸው። ጓድ አገኘሁ ደወል ይዞ መሐል ላይ ይቆማል፤ ደወሉ አንድ ጊዜ ሲመታ አንድ ትእዛዝ ይፈጸማል። ደንቡም ጥብቅ ነው። ማስታወሻ የያዘውን አያነብምና እኔ ፖስታ ገልጬ ማየት አይፈቀድልኝም። ሽቦ አያወራምና ሸምሲያ መናገር አይፈቀድላትም፤ ሸምሲያን ከአባቷ ሱቅ ጀምሮ የሚያውቋት ሰዎች ይህ ምን ያህል ከባድ ቅጣት እንደሆነ ይረዱታል። ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ ከታዘዙት በላይ ማሰብ አይፈቀድላቸውም።

ይህችን ትልቋ መኪና እንበላት። እሷንስ እንደምንም ለምደናት ነበር። በሰኔ መግቢያ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት የጀልባ ምዝገባ የትእዛዝ ደብተር መጣልን። ደብተሩ የተጻፈው እዚያ ላለችው ለሌላ ዓይነት መኪና ነውና የእኛዋ ትእዛዙን አትረዳውም። ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ ሁለት ቀን ስጡኝ፣ ለእኛዋ እንዲስማማ አድርጌ እንደ አዲስ ልጻፈው አሉ። ጓድ አገኘሁ ሳቀ። ደብተሩን ለምን እንነካዋለን፣ ያችን ሌላዋን መኪና በዚህችኛዋ ውስጥ እናስቀምጣት፣ ደብተሩም የገዛ መኪናውን ያገኘ ይመስለዋል አለ። እርስዎም በጣም ደስ ብሎዎት አጨበጨቡ። እኔ ብቻ ነኝ አላርፍ ብዬ፣ ለመሆኑ ይህችኛዋስ መች ኖራ ነው ሌላ በሆዷ የምትይዘው ብዬ የጠየቅሁ። ጓድ አገኘሁም፣ እትዬ የብርጓል፣ የውስጠኛዋ መኪና የተቀመጠችበት ነገር እውነተኛ ይሁን የውሸት ይሁን በምንም መንገድ ልታውቅ አትችልም፣ ጥበቡ ያለውም እዚያ ላይ ነው ብሎ አስረዳኝ። በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ቲያትር ላይ፣ ተዋናይ ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ አንድ ጊዜ አይቻለሁና ነገሩን በዚያ በኩል ያዝሁት። የኪነት ቡድኑ ግን በሁለት ሰዓት ጨርሶ ወደ ቤታችን ለቆናል።

እንዲህ ሆኖ ከመሳቢያ 31 እስከ መሳቢያ 60 ያለው ለትንሿ መኪና ተሰጠ። በመጨረሻው መሳቢያ፣ በ60ው፣ የትንሿ መኪና የዛሬ ቀን የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተቀመጠች። ትልቋ መኪና አራት መቶ ደወል በሠራች ቁጥር ያቺ ወረቀት ወጥታ የሚቀጥለው ቀን ይተካባታል፤ አራት መቶ ደወል ለአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይሆናል ተብሎ ተሰልቷልና። እርስዎም ሰኔ 13 ቀን ባወጡት ማስታወቂያ፣ ከዛሬ ጀምሮ በመኪናዋ ያላለፈ መንገደኛ ጀልባ አይሳፈርም፣ የጽሕፈት ቤቱ ሕጋዊ ቀንም መኪናዋ የምታወጣው ቀን ነው ብለው ፈርመውና ማኅተም አድርገው ለጠፉልን። ማስታወቂያው አሁንም በዚህ ደብዳቤ ጎን ይገኛል፤ አንባቢ ፊቱን ትንሽ ወደ ግራ ቢያዞር ያየዋል።

አሁን ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ፍጥነቱ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። ባለፈው ጊዜ የሁለት ሰው ቤተሰብና የሦስት ሰው ቤተሰብ ለአንድ ጀልባ አመለከቱ። ትንሿ መኪና ሁለትን ከሦስት ጋር ለመደመር ትልቋን መጠየቅ አለባት፤ ትልቋ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እኔን፣ ሸምሲያንና ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስን በየተራ ማንቀሳቀስ አለባት። በዚህ መንገድ ድምሩ አሥራ ዘጠኝ ደወል ፈጀ። ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ጀልባ ጭነት እያስነጠሱ የሚደምሩ ሰው ናቸውና፣ በመጀመሪያው ደወል ላይ ሳያስቡት አምስት ብለው አመለጣቸው። ጓድ አገኘሁ ተቆጣ፤ ጋሽዬ፣ እርስዎ እኮ አምስትን ገና አላወቋትም አላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ደወል አምስትን ሳያውቁ ቆዩ። በመጨረሻ አምስት ስትወጣ ግን እውነቴን ነው የምልዎት፣ ሁላችንም የተወለደች ያህል እልል ልንል ምንም አልቀረን።

ሁለተኛ፦ መንገደኞች እኔን መጥላት ጀምረዋል። ወደ ቁንዝላ ጨውና ሳሙና የሚያሻግረውን ነጋዴውን ኑርሑሴንን ያውቁታል። በየጠዋቱ እየመጣ ስሜ ወጣ ወይ ይለኛል፤ አላውቅም እለዋለሁ። መሳቢያውን ተደግፈሽ ቆመሽ እንዴት አታውቂም ይለኛል፤ ማስታወሻ ስለሆንሁ አላስታውስም እለዋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ፣ ወላሂ የብርጓል፣ አንቺን ሰው ሳለሽ ነበር የምወድሽ ብሎኝ ሄደ። ሸምሲያ ሳቋን ልትይዝ ብላ ፖስታ አፏ ላይ ስትደፍን፣ ሽቦ አይስቅም ተብላ ተገሠጸች።

ሦስተኛ፦ ይህ የሁሉም ትልቁ ነው፤ ቁጥሩንም ከዚህ በኋላ እተወዋለሁ፣ የሆዴን በቁጥር ስነግር ያምታታኛልና።

ትንሿ መኪና የምትንቀሳቀሰው ትልቋ ስትሠራ ብቻ ነው። እኛ ስብሰባ ስንገባ ትልቋ ትቆማለች፤ ትልቋ ስትቆም ትንሿ መቆሟን እንኳ አታውቅም። እንቅልፍም አይደለም፤ የተኛ ሰው ሲነቃ ቢያንስ ፀሐይዋን አይቶ መሽቶብኛል ይላል። እሷ ግን ደወሉ እንደገና ሲመታ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች፤ በመካከል ምንም ጊዜ ያለፈ አይመስላትም። እሑድ አለ፤ የውይይት ክበብ አለ፤ የችግኝ ተከላ አለ፤ የሸምሲያ ጉንፋን አለ። እነዚህ ሁሉ ለእኛ ቀኖች ናቸው፤ ለእሷ ምንም አይደሉም። ሰኔ 13 ቀን ከእኛ ጋር እኩል የጀመረችው ትንሿ መኪና ትናንት፣ እኛ ሐምሌ 14 ስንል፣ እሷ ከሥራ መውጫ ላይ ሐምሌ 1ን ጨርሳ ሐምሌ 2ን ተካች። አሥራ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርታለች ማለት ነው፤ እሷ ዘንድ ግን የቀረም የጎደለም ነገር የለም።

እንግዲህ የእኔን ጉዳይ ይስሙኝ። ልጄ ወለላ ቁንዝላ ላይ ከአስተማሪ ባሏ ጋር ትኖራለች። የበኩር ልጇን አርግዛ፣ አዋላጇ በሐምሌ ገብርኤል ግድም፣ ይቅርታ፣ በሐምሌ 19 ግድም ትወልጃለሽ ብላታለች። እሷ ወደ እኔ እንዳትመጣ በዚህ ማዕበል ጀልባ አትሳፈሪ ተብላለች። በመኪና መንገድ እንዳልሄድ በክረምት የዚያ መንገድ ጭቃ የዋጠውን ጎማ እስከ ጥቅምት አይመልስም። የቀረው የቅዳሜው ጀልባ ነው። ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ ከአጠገቧ ትሆናለች፤ ወገቧን የሚይዛት፣ አይዞሽ የሚላት፣ ገንፎዋን የሚያገነፋላት ሌላ ማን አላት? እኔ እሷን ስወልድ እናቴ ነበረችልኝ። ወለላ ባለፈው በላከችው ወረቀት፣ እማ፣ ሰዉ ሁሉ ደግ ነው፣ ግን እኔ አንቺን ነው የምፈልግ፣ ፈርቻለሁ ብላኛለች። ይህን ቃል እኔ አልጨመርሁበትም።

ሰኔ 22 ቀን፣ ለሐምሌ 2ቱ ጀልባ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተሰልፌ አመለከትሁ። ማመልከቻዬ በፖስታ ታሸገና፣ ጓድ፣ በገዛ እጄ በገዛ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁት። ከዚያ በኋላ በቀን ስንት ጊዜ አውጥቼ ለሸምሲያ እንደሰጠሁት፣ ስንት ጊዜ ተቀብዬ እንደመለስሁት አላውቅም፤ ፖስታ ሁሉ አንድ ነው። ሐምሌ 2 ቅዳሜ መጣ፣ ወረቀቴ አልወጣም። ሐምሌ 9 ቅዳሜ መጣ፣ አልወጣም። ለወለላ ያነጠርሁትን ቅቤ ሁለት ጊዜ አስሬ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ሰኞ ሐምሌ 11 ቀን ግን ደወሉ ተመታና ወረቀቴ ወጣ። እንዴት ያለ ውብ ወረቀት ነው! ስሜ ሳይሳሳት፣ ጭነቴ ሳይጎድል፣ ማኅተሙ ጥርት ብሎ፣ የብርጓል አዘዘ ቅዳሜ ሐምሌ 2 ቀን ወደ ቁንዝላ እንድትሳፈር ተፈቅዷል ይላል። ከእኔ ጋር የሌሎች አሥር ሰዎች ወረቀትም አብሮ ወጣ፤ የኑርሑሴንም አለበት፤ ሁሉም የሐምሌ 2 ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጓድ አገኘሁ ሮጥሁ። አገላብጦ አየውና፣ እትዬ፣ ስሕተት የለውም፣ እንዲያውም ትንሿ መኪና ከአራት ቀን በፊት ቀድማ ነው ያወጣችልዎት አለኝ። እውነት ነው፤ በእሷ ዘንድ ያን ቀን ገና ሰኔ 28 ነበር። ማክሰኞ ደግሞ ወደ እርስዎ ገባሁ። በብዕርዎ አንዲት መስመር፣ ለሐምሌ 16 ተዛውሯል ብለው እንዲጽፉልኝ ለመንሁ። እርስዎም በትሕትና ወንበር ሰጥተውኝ፣ ወይዘሮ የብርጓል፣ ኃላፊ በመኪና ሥራ ውስጥ እጁን ካስገባ መኪናው ምኑን መኪና ሆነ ብለው አሰናበቱኝ። ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።

ሳልረሳው፣ በሦስት ወሩ ሪፖርትዎ ላይ በጀልባ ወደብ የመንገደኛ መጨናነቅ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል ብለው መጻፍዎን ሰምቼ ኮርቼብዎታለሁ። ምንም ውሸት የለበትም። ጀልባዋ ሁለት ቅዳሜ ባዶዋን ሄዳ ባዶዋን ተመልሳለች፤ ከባለሞተሩና ከረዳቱ በቀር የሚጨናነቅ ሰው አልነበረም።

ከእርስዎ ቢሮ ወጥቼ ወደ መሳቢያዬ ስመለስ ትንሽ አለቀስሁ፤ ማስታወሻ አያለቅስም የሚል ደንብ እስካሁን አልወጣም። ከዚያ በኋላ ግን የእርስዎን ማስታወቂያ እንደገና አነበብሁት። ሁለቴ አነበብሁት። የጽሕፈት ቤቱ ሕጋዊ ቀን መኪናዋ የምታወጣው ቀን ነው ይላል። ዛሬ ዓርብ ሁላችንም ችግኝ ልንተክል ወጥተናል፤ ደወል አይመታም። ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ሐምሌ 16 በሚለው ቅዳሜ፣ በመሳቢያ 60 ያለው ቀን ቅዳሜ ሐምሌ 2 ነው። በእርስዎ ፊርማና ማኅተም፣ የጀልባው ቀን ነገ ነው። ወረቀቴ አልፎበታል የሚለኝ ተቆጣጣሪ ቢኖር የሚከራከረው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእርስዎ ማስታወቂያ ጋር ነው፤ አንድ ቅጂ ገልብጬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬያለሁ።

ወረቀት የያዛችሁ አሥራችሁም ሆይ፣ ይህን ካነበባችሁ ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወደቡ ላይ እንገናኝ። ኑርሑሴን፣ ጨውህን ዝናብ እንዳያገኘው ሸፍነው።

ክቡር ጓድ፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀረች ብለው እንዳያስቡ ደግሞ ይህችን ልጨምር። ከማስታወሻው በቀር መሳቢያ የሚከፍት ሰው አይኑር የሚለው የጓድ አገኘሁ ደንብ ስለሆነ፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከእኔ ጋር ቁንዝላ ይሄዳል። መሳቢያ ካልተከፈተ ደወል ዋጋ የለውም፤ ደወል ካልሠራ በትንሿ መኪና ቀኑ ከሐምሌ 2 አይነቃነቅም። የሠራተኛ መቆጣጠሪያውም የሚሞላው በእሷ ቀን ነው። ወለላ በሰላም እስክትገላገል፣ ከአራስ ቤት እስክትነሣ፣ ሕፃኑም ክርስትና እስኪነሣ ብቆይ፣ ስመለስ ገና ያው ቅዳሜ ነው። ስለዚህ አንዲት ሰዓት እንኳ ከሥራዬ እንዳልቀረሁ መኪናዋ ራሷ ትመሰክርልኛለች። ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስ እስከዚያ ድረስ የጀልባውን ስም ዝርዝር በድሮው መዝገብ ላይ በእጃቸው ቢጽፉ ማንንም አይጎዱም፤ ሸምሲያም ትንሽ ታውራ፣ ልጅቱ ታማለች።

በትልቋም በትንሿም መኪና ስም፣ ከሁለቱም ውጭ በሚጠብቁኝ ሰዎችም ስም፣ ለደግነትዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለዚያችም ወንበር እጅ ነሥቼ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ እንደ ሰው አቆጣጠርም እንደ መኪና አቆጣጠርም እንዲያገኙ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የብርጓል አዘዘ
ማስታወሻ፣ ከመሳቢያ 1 እስከ መሳቢያ 60

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ረፋድ ላይ ከጎርጎራ በስልክ ሲፈልጉዎት ነበር። ንግግር የሚያደርጉበት የሐምሌ 14ቱ የኃላፊዎች ስብሰባ ተጀምሮ፣ ሰዉ ተቀምጦ፣ ይጠብቁዎት ነበር። ስልኩን ያነሣችው ሸምሲያ ናት፤ ሽቦ ስለሆነች ልትነግርዎት አልቻለችም፤ ጽፋ አሽጋ ሰጥታኝ እኔም እንደ ደንቡ ሳላነብ መሳቢያ 44 ውስጥ አኑሬዋለሁ። በሥራ መውጫ ላይ ነው ሸምሲያ ሽቦነቷን አውልቃ በሹክሹክታ የነገረችኝ። ይሁን እንጂ ምንም አይጨነቁ፤ በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ባለው የመኪናዋ ቀን መቁጠሪያ ስብሰባው ሊደርስ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋልና፣ ንግግርዎን ተረጋግተው ይዘጋጁበት።